ጋኑ ሲለወጥ፦ ፍሬ የገባበት ቢራ በቤት ስለ መጥመቅና ስለ ዕቃ አመራረጥ

ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የተደረገ ንግግር




የምህንድስና ትምህርት በኢትዮጵያ መሰጠት ከመጀመሩ ከብዙ ዘመን በፊት በየጓዳው ሲሠራበት የኖረ የምህንድስና ሥራ ቢኖር ጠመቃ ነው። እህሉን አብቅሎ በውስጡ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር መለወጥ፣ ስኳሩን በእርሾ አብላልቶ ወደ አልኮል ማድረስ፣ የሚፈላውን መጠጥ ሙቀት መጠበቅ፣ የሚፈጠረውን ጋዝ ማስወጣት፣ ከአየር የሚገባውን ተውሳክ መከላከል፣ በመጨረሻም ጠላውን ከአተላው መለየት፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ የቢራ ፋብሪካ ውስጥ በየክፍሉ ተለያይተው፣ ለየክፍሉም መሣሪያና ባለሙያ ተመድቦላቸው የሚከናወኑ ተግባሮች ናቸው። በጠላ ጠማቂዋ ጓዳ ግን ሁሉም በአንድ ጋንና በአንዲት ሴት እጅ ይፈጸማሉ።

እንደሚታወቀው ይህ ጋን ዛሬ ቦታውን ለላስቲክ በርሜልና ለጀሪካን እየለቀቀ ይገኛል። ለዚህም የሚወቀስ ሰው የለም። ጋን ከባድ ነው፤ ይሰበራል፤ በጠባብ የኪራይ ቤት ውስጥም ማኖሪያ አይገኝለትም። በውጭ አገር የሚኖረው ኢትዮጵያዊም ጌሾውን ከአበሻ ሱቅ ገዝቶ የሚጠምቀው በመስታወት ገንቦ ወይም በላስቲክ ባልዲ ነው። በዚያው አገር ደግሞ ቢራን በቤት መጥመቅ የብዙ ሰው የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል። በብሪታንያ ለዚሁ ሥራ ፈቃድ ማውጣት የቀረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ሲሆን፣ በአሜሪካ ደግሞ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1978 የፈረሙት ሕግ በሚቀጥለው ዓመት ከጸና ወዲህ ሁለትና ከዚያ በላይ ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች የሚኖሩበት ቤተሰብ ለራሱ መጠጥ በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ማለት እስከ 757 ሊትር የሚደርስ ቢራ ያለ ፌዴራል ቀረጥ ለመጥመቅ ይችላል። ከዚህ ልማድ ጋር ቢራ ላይ እንጆሪና የመሳሰለውን ፍሬ የመጨመር ዘዴም እየታወቀ መጥቷል።

የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው። ዕቃ ሲለወጥ ጠመቃው አብሮ ይለወጣል፤ አሮጌው ዕቃ ሳይነገርለት ይፈጽማቸው የነበሩትን ተግባሮች አዲሱ ዕቃ አይፈጽማቸውም፤ ስለዚህ ጠማቂው አንድ በአንድ ለይቶ ሊተካቸው ይገባል። ፍሬ ሲጨመር ደግሞ ይህ ግዴታ እጥፍ ይሆናል። ሳይተኩ የቀሩ እንደ ሆነ የሚበላሸው መጠጡ ብቻ አይደለም፤ በሰው ላይም ጉዳት ይደርሳል።

1. ጋን ይፈጽማቸው የነበሩ አራት ተግባሮች

የመጀመሪያው ተግባር መተንፈስ ነው። የጋኑ አፍ ተከድኖ በጭቃ ቢመረግም ምራጊው በጠርሙስ አፍ ላይ እንደ ተመታ ቆርኪ ግፊትን አምቆ የሚይዝ አይደለም። በፍላቱ ጊዜ የሚፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውስጥ ሲገፋ በስንጥቁና በቀዳዳው እየሾለከ ይወጣል። ጋዙ ወደ ውጭ እስከ ገፋ ድረስም ከውጭ የሚገባው አየር ጥቂት ነው። በዛሬው የመሐንዲስ አነጋገር ምራጊው ክዳንም ነው፣ የግፊት ማስተንፈሻም ነው።

ሁለተኛው ማቀዝቀዝ ነው። የሸክላው ግድግዳ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት በመሆኑ ውኃ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ያዥና በአየር ላይ ይተናል። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ ሲተን 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። እንግዲህ ከአንድ 20 ሊትር ከያዘ ዕቃ ላይ 100 ግራም ውኃ ብቻ ቢተን የሚወስደው ሙቀት መጠጡን በ3 ዲግሪ ያህል ሊያቀዘቅዘው ይበቃል ማለት ነው። እርሾ ሲሠራ ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ ይህ ቀላል እርዳታ አይደለም።

ሦስተኛው እርሾን ማቆየት ነው። ካለፈው ጠመቃ የተረፈው እርሾ በሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ ተሸሽጎ ይቆይና አዲሱ ጥንስስ ሲገባ ሥራውን ይቀጥላል። ከጌሾውና ከብቅሉ ጋር ከሚመጣው እርሾ ጋር ተደምሮ የአንድን ቤት ጠላ ከጎረቤቱ ጠላ የሚለየውን ጠባይ ይሰጠዋል።

አራተኛው ከተውሳክ መጠበቅ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ከዚያም በወይራ ይታጠናል። ጭሱ ለመዓዛ ብቻ የሚሰጥ አይደለም። በውስጡ የሚገኙት ፌኖልን የመሳሰሉ ውሁዶች በግድግዳው ላይ የቀሩትን ባክቴሪያዎች ያዳክማሉ፤ እሳቱ የሚሰጠው ሙቀትም ዕቃውን ያደርቀዋል።

አሁን ደግሞ ጀሪካኑን እንመርምር። ክዳኑ በጥርስ የሚዞር ስለ ሆነ ከጠበቀ አይተነፍስም። ግድግዳው ውኃ ስለማያሳልፍ በትነት አይቀዘቅዝም። በትኩስ ጭስ ሊታጠን አይችልም፤ ይጣመማልና። በሽቦ መፋቂያ የታጠበ እንደ ሆነ ግን በጭረቶቹ ውስጥ ተውሳክ እንዲሸሸግ ያደርጋል። ይህን ሁሉ ስንመለከት ጀሪካን መጥፎ ዕቃ ነው ለማለት አይደለም። ሥራው የተለየ ነው ለማለት ነው። መተንፈሻው በውኃ መቆለፊያ ቱቦ፣ ማቀዝቀዣው በእርጥብ ጨርቅ ወይም በውኃ በተሞላ ሳፋ፣ እርሾው በታወቀ እርሾ፣ ጭሱ በተገቢ ማጽጃ ካልተተኩ፣ ጠማቂዋ አራት ረዳቶችዋን አሰናብታ ብቻዋን ቀርታለች።

2. ፍሬ ሲጨመር

ፍሬን በቢራ ውስጥ የማብላላት ጥንታዊ ሥርዓት እስከ ዛሬ ጸንቶ ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ በቤልጅየም የብራስልስ ከተማና በአጠገቡ ያለው የሴን ወንዝ ሸለቆ ነው። ላምቢክ የሚባለው የዚያ አገር ቢራ ከገብስ ብቅልና ካልበቀለ ስንዴ ይሠራል። የተቀቀለው ጭማቂ በገንዳ ተዘርግቶ ሲቀዘቅዝ ከአየሩ በሚያርፍበት እርሾ እንዲብላላ ይተዋል፤ ከዚያም በእንጨት በርሜል ለብዙ ወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት ይቆያል። ኮምጣጣ ቼሪ የገባበት ክሪክ ይባላል፤ የእንጆሪ ዘመድ የሆነው ራስፕቤሪ የገባበትም አለ። በ1900 በአንደርሌክት ሰፈር የተቋቋመውና እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ካንቲዮን የተባለው ጠመቃ ቤት ለአንድ ሊትር ላምቢክ 200 ግራም ያህል ፍሬ ይጨምራል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው የቅደም ተከተሉ ነገር ነው። ፍሬው የሚገባው ዋናው ፍላት ካለፈ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ መጠጡ አልኮልና አሲድ ስላለው ከፍሬው ቆዳ ጋር የሚመጣውን ተውሳክ ሊቋቋም ይችላል፤ ጋዙ በኃይል የሚወጣበት ጊዜም ስላለፈ የፍሬው መዓዛ ከጋዙ ጋር አብሮ አይጠፋም። ወደ ጠርሙስ የሚገለበጠውም የፍሬው ስኳር በበርሜሉ ውስጥ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ነው። በጠርሙሱ ውስጥ አረፋ ለመፍጠር የሚያስፈልገው ስኳር ፍላቱን ገና ካልጨረሰ ወጣት ላምቢክ በልክ ተቀላቅሎ ይገኛል። የቤልጅየሙ ጠማቂ ሁለት ስኳሮችን ለይቶ ይቆጥራል፤ አንዱ የፍሬው ነው፣ ሁለተኛው የጠርሙሱ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ የአገሩ ጠላ የቆመው በእህልና በጌሾ ላይ ነው። ፍሬ ለመጨመር ለሚሻ ግን አገሩ ድኻ አይደለም። በአትክልት ቦታ ከሚለማው ትልቁ እንጆሪ ሌላ በደጋው ቁጥቋጦ ውስጥ የሚበቅል የዱር እንጆሪ አለ፤ አጋም አለ፤ ቀጋ አለ፤ እጅግ ኮምጣጣ የሆነው ኮሽምም አለ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። አጋም እሾህ ያለው ተክል ነው። የቅርብ ዘመዱ የሆነና ለፍላጻ መርዝ ሲያገለግል የኖረ ሌላ ተክል ፍሬውና ቅጠሉ አጋምን ይመስላል፤ እሾህ ግን የለውም። ስለዚህ ከዱር የተለቀመ ፍሬ ለቀማውን በሚያውቅ ሰው ካልታየ፣ የተለቀመበትም ተክል እሾህ እንዳለው ካልተረጋገጠ በቀር ወደ ጋንም ወደ በርሜልም መግባት የለበትም።

ፍሬው ከመግባቱ በፊት ይለቀማል፤ የበሰበሰው ይጣላል፤ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። ከዚያም ከ70 እስከ 75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ያህል ቢቆይ አብዛኛው ተውሳክ ይሞታል። መቀቀል ግን አይመከርም፤ መዓዛው ይበናል፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ፔክቲንም ማርማላታን እንደሚያረጋው ሁሉ ቢራውን ያደፈርሰዋል። በበረዶ ቤት ማሰንበትም ይጠቅማል። ውኃው በረዶ ሲሆን የፍሬውን ሕዋሶች ስለሚሰነጥቃቸው ጭማቂው በቀላሉ ይወጣል። ነገር ግን ብርድ ተውሳክን ያስተኛል እንጂ እንደ ሙቀት አይገድለውም።

3. ያልተቆጠረው ስኳር

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። እርሾ ስኳርን ሲበላ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ አልኮል፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ሊትር መጠጥ ውስጥ 4 ግራም ስኳር ቢብላላ 2 ግራም ያህል ጋዝ ይገኛል፤ ይህም በጠማቂዎች መለኪያ 1 ይዘት ይባላል፤ አንድ ሊትር መጠጥ አንድ ሊትር ጋዝ ይዟል ማለት ነው። የተለመደ ቢራ ከ2 እስከ 2.5 ይዘት አለው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ግፊትና በ20 ዲግሪ ሙቀት ፍላቱን የጨረሰ ቢራ ከጋዙ 0.65 ይዘት ያህል በውስጡ ይቀርለታል። ጠማቂው ሲያሽግ በሊትር 7 ግራም ስኳር ቢጨምር 1.75 ይዘት ይጨመራል፤ ጠቅላላው 2.4 ይሆናል። ይህ በ20 ዲግሪ ከውጭው አየር በላይ 2 አትሞስፌር ያህል ግፊት ይሰጣል። ደኅና የቢራ ጠርሙስ ይህን ያለ ችግር ይሸከማል።

ይኸው ጠማቂ በሊትር 200 ግራም እንጆሪ ጨምሮ ስኳሩ ተበልቶ ሳያልቅ ቸኩሎ ቢያሽግስ? ከ100 ግራም እንጆሪ ውስጥ 5 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል። ስለዚህ በየሊትሩ 10 ግራም ያልታሰበ ስኳር ገብቷል፤ ይህም ብቻውን 2.5 ይዘት ጋዝ ይሆናል። ጠቅላላው ወደ 4.9 ከፍ ይላል። ግፊቱም በ20 ዲግሪ ወደ 5 አትሞስፌር ይጠጋል። ጠርሙሱ ፀሐይ በሚመታው መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ቢደርስ ጋዙ በፈሳሹ ውስጥ ለመቆየት ያለው ችሎታ ስለሚቀንስ ግፊቱ ከ6 አትሞስፌር ያልፋል። ይህ ወፍራም ሆኖ የሚሠራው የሻምፓኝ ጠርሙስ የሚሸከመው ግፊት ነው። ተራ ጠርሙስ፣ ይልቁንም ብዙ ጊዜ ያገለገለና አፉ የተሸረፈ ጠርሙስ፣ በዚህ ጊዜ ይፈነዳል። የሚፈናጠረው መስታወት የሚያገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠርሙሱን ሊያነሣ እጁን የዘረጋውን ሰው፣ አለዚያም በዚያ ሲጫወት የነበረውን ልጅ ነው።

ጠርሙስ ትንሽ ነው። ትልቅ በርሜል ተጠብቆ ቢዘጋ ምን ይሆናል? ስፋቱ 20 ሴንቲሜትር በሆነ ክብ ክዳን ላይ አንድ አትሞስፌር ትርፍ ግፊት ብቻ ቢያርፍ ክዳኑን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 320 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ዕቃ ጋር እኩል ነው። ላስቲክ በርሜልና ጀሪካን ለእንደዚህ ያለ ጭነት የተሠሩ አይደሉም።

ሌላም መቆጠር ያለበት ነገር አለ። በየሊትሩ 100 ግራም ስኳር የሚብላላበት 20 ሊትር ጥንስስ 1 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመነጫል። ይህ በአዲስ አበባ የአየር ግፊት 700 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። ጋዙ ከአየር የከበደ ስለ ሆነ ወለል ላይ ይተኛል። አንድ ባልዲ በአየር በሚናፈስ ክፍል ውስጥ አያሰጋም፤ ብዙ በርሜል በተዘጋ ጠባብ ጓዳ ውስጥ ሲፈላና በዚያው ወለል ላይ ሰው ሲተኛ ግን አደጋ ነው።

4. ዕቃ ሲመረጥ

ከላይ የተባለው ሁሉ የዕቃን አመራረጥ ይወስናል። ዕቃ የሚመረጠው በማብረቅረቁ ወይም በርካሽነቱ ሳይሆን ጠማቂው ለማየት፣ ለመለካት፣ ለማስተንፈስና ለማጽዳት የሚያስችለው በመሆኑ ነው።

ስለ ቅርጹ። ፍሬ ለሚገባበት ጠመቃ አፈ ሰፊ ዕቃ ይመረጣል። በጠባብ አንገት የመስታወት ገንቦ ውስጥ የፍሬው ሥጋ በጋዙ ተገፍቶ ወደ ላይ ይወጣና አንገቱን ይወትፋል፤ ቱቦው ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ገንቦው የታሸገ ጠርሙስ ሆነ ማለት ነው። አፈ ሰፊው ዕቃ ግን ፍሬውን በንጹሕ የወንፊት ጨርቅ ከረጢት አስገብቶ ለማውጣትም፣ እጅ አግብቶ ለማጠብም ያመቻል። ለ20 ሊትር መጠጥ 25 ሊትር፣ ፍሬ ከገባበት ደግሞ 30 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ቢሆን አረፋው የሚነሣበት ቦታ ያገኛል።

ስለ ሚሠራበት ነገር። ፍሬ አሲድ አለው፤ አሲድም ብረትን ይበላል። በዚንክ የተለበጠ ባልዲ ለውኃ መቅጃ ደኅና ቢሆንም ለኮምጣጣ መጠጥ አይሆንም፤ ዚንኩ ሟሙቶ ትውከትና የሆድ ሕመም ያመጣል። ባለ ቀለምና አንጸባራቂ ሸክላ ልባጩ እርሳስ ያለበት ሊሆን ስለሚችል ለምግብ መያዣነቱ ካልተረጋገጠ መራቅ ይገባል። አሉሚኒየም ለአጭር ጊዜ መቀቀያ ያገለግላል እንጂ ፍሬ የገባበትን መጠጥ ለሳምንታት ማቆያ አይደለም። የማይዝግ ብረትና መስታወት ከሁሉ ይሻላሉ፤ ነገር ግን የማይዝግ ብረትም በበረኪና ተነክሮ ከዋለ ክሎሪኑ ጥቃቅን ጉድጓዶች ያወጣበታል። በረኪና በሚገባ ቀጥኖ ለላስቲክና ለመስታወት ይሆናል፤ ከዚያም በፈላ ውኃ ይለቀለቃል፤ ከኮምጣጤ ጋር ግን በምንም ምክንያት አይደባለቅ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋልና።

ላስቲክ ለምግብ የተሠራ ከሆነ መልካም ነው። ቀድሞ ቀለም፣ የተባይ መድኃኒት ወይም ሌላ ኬሚካል የያዘ በርሜል ግን ስንት ጊዜ ቢታጠብ ለጠመቃ አይሆንም። ላስቲክ የያዘውን ወደ ግድግዳው ይመጥጣል፤ የመጠጠውንም አልኮል ቀስ በቀስ መልሶ ያወጣዋል። በገበያ ላይ ዋጋው ዝቅ ያለ በርሜል ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ስንት ሊትር ይይዛል የሚለው ሳይሆን ከዚህ በፊት ምን ነበረበት የሚለው ይሁን።

ስለ መቀቀያው። ቢራ እንደ አንዳንዱ ጠላ ሳይሆን ጭማቂው ከሆፕስ ጋር መቀቀል አለበት። በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። 25 ሊትር ጭማቂ ከ20 ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ 7,500 ኪሎ ጁል፣ ማለት ከ2 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚበልጥ ኃይል ያስፈልጋል። ባለ 2 ኪሎ ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ ምንም ሙቀት ባይባክንበት እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስድበታል፤ በእውነቱ ግን ይባክናል። ስለዚህ ትልቅ ድስት ከመግዛት በፊት ምድጃውን መመርመር ይገባል። ለጀማሪ ከ8 እስከ 10 ሊትር መጠመቅ የሚበቃ ሲሆን ቢበላሽ ጉዳቱ፣ ቢፈነዳም አደጋው ያነሰ ነው።

ስለ መለኪያዎች። ብዙ ሰው ገንዘቡን በትልቁ ዕቃ ላይ ጨርሶ መለኪያውን ወደ ኋላ ያቆየዋል። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት። ቴርሞሜትርና ሃይድሮሜትር ከድስቱም ከበርሜሉም ይቀድማሉ። ሃይድሮሜትር በፈሳሹ ውስጥ ተንሳፎ ጥግግቱን የሚያሳይ የመስታወት ዘንግ ነው። ስኳር ሲኖር ከፍ ይላል፤ ስኳሩ ወደ አልኮል ሲለወጥ ይሰምጣል። በመጀመሪያ 1.050 ያነበበ ጥንስስ በመጨረሻ 1.010 ቢያነብ ልዩነቱ በ131 ተባዝቶ 5.2 በመቶ ያህል አልኮል መኖሩን ያመለክታል። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ፍሬ ከገባ በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ ተለክቶ ቁጥሩ ካልተለወጠና የመጨረሻው ንባብም በሚጠበቅበት ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ከሆነ ስኳሩ አልቋል ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ ብቻ ማሸግ ይቻላል። የቱቦው አረፋ መቆሙ ማስረጃ አይሆንም፤ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ እርሾ ይተኛል፤ ሲሞቅ ይነቃል።

ስለ ማሸጊያው። ጠርሙሱ ለቢራ የተሠራ፣ ወፍራም፣ ቡናማ ቀለም ያለውና ያልተሸረፈ ይሁን፤ ብርሃን ሆፕስ ያለበትን ቢራ ሽታውን ያበላሸዋልና። የሚጨመረው ስኳር በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን ይለካ፤ በየጠርሙሱ ከመበተንም በጥቂት ውኃ ፈልቶ በጠቅላላው መጠጥ ውስጥ እኩል ይደባለቅ። ከታሸጉት መካከል አንዱ ለለስላሳ መጠጥ የተሠራ የላስቲክ ጠርሙስ ቢሆን እንደ ምስክር ያገለግላል። በእጅ ሲጨበጥ ከመጠን በላይ ጠንክሮ ከተገኘ ሌሎቹም በአደጋ ላይ መሆናቸው ይታወቃል፤ ወዲያውኑም ወደ ማቀዝቀዣ ገብተው ይበርዳሉ፤ ከበረዱም በኋላ በጨርቅ ተሸፍነው በጥንቃቄ ይከፈታሉ።

5. የማኅበሩ አባሎች ድርሻ

ክቡራትና ክቡራን፤

ይህ ሁሉ ለትርፍ ጊዜ ጠማቂ የሚነገር ተራ ምክር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በኢትዮጵያ ከተሞች ጠላ ጠምቃ ልጆች የምታሳድግ ሴት ብዙ ናት። ለእርስዋ አንድ በርሜል ጠላ መኮምጠጥ የሳምንት ቀለብ መጥፋት ነው። ጋኑን ትታ በርሜል ስትገዛ የመረጠችው ቀላልነቱንና ዋጋውን ዐውቃ ነው፤ ያጣችው ግን አልተነገራትም። ጋኑ ይተነፍስላት እንደ ነበር፣ ያቀዘቅዝላት እንደ ነበር የሚነግራት ነጋዴ የለም። የሚሸጥላት በርሜል ከዚህ በፊት ምን ይዞ እንደ ነበረም የሚነግራት የለም።

ይህን የመናገር ግዴታ የባለሙያው ነው። የሚያስፈልገውም ከባድ ነገር አይደለም። ክዳኑ ተበስቶ የጎማ ቱቦ የገባበት፣ የቱቦው ጫፍ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ የተነከረ ባልዲ ከምራጊው የማያንስ መተንፈሻ ነው፤ ጋዙ በውኃው ውስጥ እየተንቦቀቦቀ ይወጣል፣ አየር ግን ተመልሶ አይገባም። በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ በርሜል ከሸክላው ግድግዳ ትምህርት የወሰደ ማቀዝቀዣ ነው። ሁለቱም በየቤቱ ባለው ዕቃ ይሠራሉ። አንድ መሐንዲስ ወደ እንደዚህ ያለ ጓዳ ሲገባ ለማስተማር ብቻ ሳይሆን ለመጠየቅም ይግባ። ጠማቂዋ ጋኑን ለምን እንደምታጥን፣ ምራጊውን ለምን እንደምታሳሳ፣ ጥንስሱን በየትኛው ጥግ እንደምታኖርና ለምን እንደሆነ ቢጠይቃት የምትሰጠው መልስ በቃላት ቢለይም በስሌቱ ከሚገኘው መልስ ብዙ የራቀ አይሆንም።

እንጆሪም ሆነ አጋም ወደ በርሜሉ ቢገባ አዲስ ጣዕም ይሰጣል፤ አዲስ ሒሳብም ያስከትላል። ጣዕሙን የወደደ ሒሳቡን መጥላት አይችልም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ቸኩሎ የታሸገ ጠርሙስ ራሱን ይከፍታል። እንግዲህ ለቤት ጠመቃ ዕቃ የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ መለኪያውን፣ ቀጥሎ የሚተነፍሰውን ክዳን፣ ከዚያም የሚጸዳውን በርሜል፣ በመጨረሻ የሚያብረቀርቀውን ድስት ይግዛ። በዚህ ቅደም ተከተል የተገዛ ዕቃ ጥቂት ቢሆንም ጋኑ ይሠራው የነበረውን ሥራ በሙሉ ለመሥራት ይበቃል።